ዘጠኝ ብርድ ልብስ፣ አንድ ፍራሽና ማርጆሪ

ለዋላምቢን ክሪክ ከተማ ምክር ቤት
የግንባታ ቁጥጥርና የመንገድ ገጽታ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ ወገብዎ፣ በተለይም ያችን «አልተፈቀደም» የምትል ማኅተም ቀኑን ሙሉ ስታነሳና ስታሳርፍ የምትውለው ቀኝ እጅዎ ደኅና እንደሆነች ከልብ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ወይዘሮ ኖሬል ክራዶክና ባለቤቴ ኬልቪን፣ በጥድ መንገድ የቤት ቁጥር አሥራ አራት፣ በጣም ደኅና ነን። ማርጆሪም ደኅና ናት። ይህን የምጽፍልዎ እሷ በመትረፏ ደስታ ሰክሬ ስለሆነ፣ እዚህም እዚያም ከአክብሮት መስመር ዘለል ብል ከንቀት እንዳይቆጥሩብኝ አደራ እላለሁ።

ደብዳቤውን በከተማችን ጋዜጣና በዳቦ ቤቱ መስኮት ላይ ያወጣሁት፣ በዚህ ዓመት በፖስታ የላክሁልዎ አምስት የአቤቱታ ደብዳቤዎች መልስ ሳያገኙ ስለቀሩ፣ ምናልባት ከቢሮዎ ደጃፍ ላይ ወረፋ ይዘው ይሆናል ብዬ ስላዘንኩላቸው ነው። ይህኛው ቢያንስ ዳቦ ሊገዛ የመጣ ሰው ያነበዋል።

ማርጆሪን ምናልባት በመዝገብ ቁጥሯ ብቻ ያውቋት ይሆናል። አልጋ፣ ምድጃና መታጠቢያ ያላት፣ እንደ መኪና የምትነዳ ተንቀሳቃሽ ቤታችን ናት። ስሟ የአማቴ ስም ነው፤ ሁለቱም ሰፊ፣ ሁለቱም ዳገት ላይ የሚያለከልኩ፣ ሁለቱም የሚያጣድፋቸውን ሰው የማይወዱ ስለሆኑ ሌላ ስም ሊገኝላት አልቻለም። ጡረታ ስንወጣ ገዛናት፤ ከዚያ ወዲህ በግቢያችን ከመንገዱ ዳር ቆማ ፀሐይ፣ ዝናብና የክፍልዎን ደብዳቤዎች ስትቀበል ኖራለች።

ኬልቪን አርባ ዓመት በስኳር ፋብሪካው ክሬን ላይ ተቀምጦ ፀሐይ ከባሕር ስትወጣ ያየ ሰው ነው። የእኛ ባሕር በምሥራቅ ስለሆነ ግን ፀሐይ ባሕር ውስጥ ስትገባ አንድ ቀን እንኳ አይቶ አያውቅም። ባለፈው ዓመት የግራ ዓይኑ ጠፋ። ቀኙን ሐኪሙ በመርፌ እየለመነች ይዛዋለች፤ በመጨረሻም እጁን ያዝ አድርጋ፣ «ኬልቪን፣ ማየት የምትፈልገው ነገር ካለ አሁን እየው፤ ለከርሞ አታስቀምጠው» አለችው። የመጨረሻው መርፌ የተቀጠረው ለኖቬምበር ማለቂያ ነበር። በዚያው ሳምንት ተነስተን፣ አገሩን ከዳር እስከ ዳር አቋርጠን ወደ ምዕራቡ ባሕር ልንሄድ ቆረጥን።

ኖቬምበር ደግሞ እርስዎም እንደሚያውቁት ከሰማይ የበረዶ ድንጋይ የሚወርድበት ወር ነው። የማርጆሪ የጣሪያ መስኮቶችና የፊት መስታወት አንዴ ከተሰበሩ፣ ጠጋኞቹ ዘንድ ያለው ወረፋ ስምንት ወር ነው። የኬልቪን ዓይን ስምንት ወር የለውም። ከዚህ በታች የዘረዘርኳቸውን ቅሬታዎች ሲያነቡ ይህችን አንዲት ነገር ብቻ እንዲያስታውሱልኝ እለምናለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ጣሪያው።

በማርች ወር ማርጆሪን የምታስጠልል ቀላል የቆርቆሮ ጣሪያ እንድናቆም ፈቃድ ጠየቅን። ክፍልዎም ከመንገድ ስድስት ሜትር ሳይርቅ የሚቆም መጠለያ ከሁለት ሜትር ከሰባ በላይ ሊረዝም እንደማይችል በሚያምር ወረቀት ላይ አስታወቀን። ማርጆሪ ሦስት ሜትር ከሃያ ናት። ወደ ኋላ እንዳንገፋት ኋላዋ ወጥ ቤቴ ነው። ስልክ ደውዬ ምን ይሻላል ብል፣ ያነሳችው ጨዋ ልጅ ጥቂት አሰብ አደረገችና፣ «እማማ፣ ጎማዋን ቢያስተነፍሷትስ?» አለችኝ።

እኔ ስቄ ስልኩን ዘጋሁ። ኬልቪን ግን ከምክር ቤት የመጣ ቃል ሁሉ ሕግ የሚመስለው ሰው ስለሆነ፣ ሻዩን እንኳ ሳይጨርስ ወጥቶ የስድስቱንም ጎማ አየር አስወጣ። ማርጆሪ አራት ጣት ያህል ዝቅ አለች። የቀረው አርባ ምናምን ሳንቲ ሜትር ከአየር የተሠራ አልነበረም መሰለኝ፣ ንቅንቅ አላለም። ጎማዎቹን መልሰን ለመንፋት ሁለት ቀን ፈጀብን። ስለሰጡን ነፃ የምክር አገልግሎት እግዜር ይስጥልን።

ሁለተኛ፣ ስለ ልብሷ።

ጣሪያው ከቀረ ዘንዳ በልኳ የተሰፋ ልብስ አዘዝንላት። ልብስ ስልዎ ዝም ብሎ ሸራ አይደለም፤ ሸራ ካለበሷት ላቧ መውጫ አጥቶ ውስጧ ይሻግታል፣ በነፋስ ሲርገበገብም ቀለሟን ይፍቃታል። የእኛው አየር የሚያስተላልፍ፣ ከሥር በቀበቶ የሚጠብቅ፣ ኬልቪን ማዕዘኖቹን በአሮጌ ፎጣ የሸፈነላት ምርጥ ልብስ ነበር። ያጠፋው ነገር ቢኖር ግራጫ መሆኑ ነው። ክፍልዎ «ግዙፍ ግራጫ ቁስ» የመንገዱን ገጽታ እንደሚያበላሽ ገልጾ፣ የተፈቀዱ ቀለሞችን ናሙና ላከልን፤ «የባሕር ዛፍ ጭጋግ»፣ «ጸጥ ያለ አሸዋ» እና «የወንዝ ጠጠር» ይባላሉ።

ኬልቪን «የወንዝ ጠጠር» የምትለውን ብጣሽ ወረቀት ከልብሱ ጎን አድርጎ፣ ፀሐይ ላይ ወጥቶ፣ በአንድ ዓይኑ ለረጅም ጊዜ አያት። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «አየሽ ኖሬል፣ አንድ ናቸው። ዓይኔ ነው በቃ» አለ። እኔ በሁለት ጤነኛ ዓይኖቼ አየሁ፤ አንድ ናቸው። ይህን ብነግረው ላጽናናው የምዋሽ መስሎት አላመነኝም። ክቡር ሆይ፣ በዚህ ዓመት ከላኩልን ነገር ሁሉ ያንን ቀን ይቅር ለማለት ነው የተቸገርኩት።

ልብሱን አወለቅንላት። በሦስተኛው ቀን ነጫጮቹ በቀቀኖች መጡና በጣሪያ መስኮቶቿ ዙሪያ ያለውን ጎማ እየቦጨቁ ምሳ አደረጉት። ሰባ አራት ዓመት የሞላው ባለቤቴ በየሳምንቱ መሰላል ላይ ወጥቶ ማሸጊያ ሲቀባ፣ እነሱ በስልክ ሽቦው ላይ ተደርድረው እስኪጨርስ ይጠብቁታል። ነጭ ከተፈቀዱት ቀለሞች ውስጥ አለመኖሩን ለበቀቀኖቹ የሚነግር ተቆጣጣሪ ቢልኩልን ውለታዎ አይረሳንም።

ሦስተኛ።

ይህን ቁጥር ለምን እንዳስቀመጥኩት ረስቻለሁ። የቅሬታ ቅጽዎ «ባዶ ቦታ መተው ክልክል ነው» ስለሚል «ጉዳዩ እየታየ ነው» ብዬ ሞልቼዋለሁ።

አራተኛ፣ ስለ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተቆጣጣሪዎ አቶ ዴዝሞንድ መጡ። ካልሲያቸውን እስከ ጉልበታቸው ስበው፣ ሜትራቸውን ዘርግተው፣ የማርጆሪ ጥላ ወደ ጎረቤት ግቢ ገብቶ እንደሆነ ይለኩ ነበር። ሲለኩ ሲለኩ ጥላው ጠፋባቸው። ቀና ብንል ሰማዩ አረንጓዴ ሆኗል።

በዚህ አገር ሰማይ አረንጓዴ ሲሆን በረዶ ሊወርድ ነው፤ ምን እንደሚደረግ ማንም እስኪነገረው አይጠብቅም። ሰው አልጋውን ገፎ ወደ መኪናው ይሮጣል። በዚያች ደቂቃ ግን የጥድ መንገድ ሰው፣ የየራሱ መኪና ደጁ ላይ ቆሞ ሳለ፣ ብርድ ልብሱን ታቅፎ ወደ እኛ ግቢ ሮጠ። ከፊት የመጣችው የቶንጋ ተወላጇ ጎረቤታችን ሳሎቴ ናት፤ ለመዘምራን ልምምድ የለበሰችውን ረጅም ቀሚስ በአንድ እጇ ሰብስባ፣ «ኖሬልዬ! ምን ቆመሽ ታያለሽ? ማርጆሪን ሊጨርሳት ነው እኮ! መሰላሉን አምጪ!» እያለች።

እኔና ኬልቪን የራሳችንን ፍራሽ ለማምጣት ገባንና በሩ ላይ ተሰነቀርን።

«ግፊ እንጂ!» ይላል እሱ ከውጭ።

«እየገፋሁ ነው!»

«እኔን ነው የምትገፊው፣ ፍራሹን ግፊ!»

የአርባ ስድስት ዓመት ትዳር እዚያ በር ላይ ሊፈርስ ለጥቂት ነው የተረፈው። ፍራሹ ሲወጣ ሳሎቴ በጭንቅላቷ ተቀብላ፣ መሰላሉን ወጥታ የጣሪያ መስኮቶቹ ላይ ጣለችው። ስምንት ብርድ ልብስ በላዩና በፊት መስታወቱ ላይ ተደረበ። ከሁሉ በላይ የሳሎቴ የሠርጓ ብርድ ልብስ፣ ቀይ አበባ ያለበትና የቤተ ክርስቲያን ምንጣፍ የሚያህለው ዘጠነኛው፣ ሁሉንም ሸፈነ። ሦስቱን ጥጎች በገመድ ወጥረን አሰርን። አራተኛው ጥግ በነፋሱ ሊነቀል ሲል ገመድ አለቀ። እንዴት እንደተያዘ፣ አቶ ዴዝሞንድም በዚያን ጊዜ የት እንደነበሩ ከደብዳቤው ግርጌ ላይ አጫውትዎታለሁ።

ከዚያ ወረደ። እንቁላል የሚያህል በረዶ፣ አሥራ አንድ ደቂቃ ሙሉ። እኛ ከበረንዳው ሥር ተቃቅፈን ቆምን፤ ኬልቪን እጄን ይዞ ማየቱን ትቶ ይሰማ ነበር። መስታወት ሲሰበር በሰማ ቁጥር፣ «የእሷ ነው?» ይለኛል። «አይደለም፣ የሳሎቴ መኪና ነው» እለዋለሁ። «የእሷ ነው?» «አይደለም፣ የፖስታ ቤቱ ሰው መኪና ነው።»

ሲያባራ መንገዱ ነጭ ሆኖ፣ የሰፈሩ መኪና ሁሉ ተጨረማምቶ ነበር። ብርድ ልብሶቹን አንድ በአንድ ገፈፍን። ኬልቪን ዓይኑን ስለማያምን ማርጆሪን በመዳፉ እያሻሸ ዙሪያዋን ሄደ፤ መስኮቶቿን አንድ በአንድ፣ የፊት መስታወቷን ከጥግ እስከ ጥግ። ከኋላዋ የሻይ ማንኪያ የምታህል ጉድጓድ አገኘባት። በቃ፣ ያችው ነች። «ኖሬል» አለ፣ «ደኅና ናት።» ከዚያ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። ሳሎቴ የራሷን መስታወት የሌለው መኪና እያየች ከመሳቋ ብዛት በረዶው ላይ ተቀመጠች።

አምስተኛ፣ ስለ ማክሰኞው ደብዳቤዎ።

ከስድስት ቀን በኋላ ደብዳቤዎ ደረሰን፤ በዚህ ዓመት ከክፍልዎ እንደዚህ ፈጥኖ የደረሰን ነገር ስለሌለ በክብር አስቀምጠነዋል። በእሱም «በአራት ነጥብ ተወጥሮ የታሰረ ማናቸውም ሽፋን ግንባታ ነው» በሚለው ደንብ መሠረት፣ በግቢያችን «ቁመቱ ሦስት ሜትር ከአርባ የሆነ፣ ባለ አበባ፣ ቀለሙ ያልተፈቀደ ግንባታ» ያለ ፈቃድ ማቆማችንን አስታውቀውናል። በአሥራ አራት ቀን ውስጥ እንድናፈርስ ታዘናል። ለማፍረስ ደግሞ አስቀድመን የማፍረሻ ፈቃድ ማውጣት አለብን፤ ፈቃዱም ሃያ የሥራ ቀን ይፈጃል።

ግንባታው በአሁኑ ሰዓት ታጥቦ፣ ተጣጥፎ፣ በስድስት ቤት አልጋ ላይ ይገኛል። ሳሎቴ ደብዳቤውን ሳነብላት፣ «እና ዛሬ ልተኛበት ነው ወይስ ልጠብቀው? ባሌ እግሩን ሲዘረጋ አምስተኛ ነጥብ ይሆን እንዴ?» ብላ ጠይቃለች። ጥያቄው ከእኔ አቅም በላይ ስለሆነ ለክፍልዎ አስተላልፌዋለሁ።

እንግዲህ ላመስግን። ሃያ ሁለት ዓመት «እንደምን አደራችሁ» ብቻ ስንባባል የኖርን ጎረቤታሞች ዛሬ የማን ብርድ ልብስ የት እንደተቀደደ በቃላችን የምናውቅ ቤተሰብ ሆነናል። ጣሪያውን ፈቅደውልን ቢሆን ኖሮ፣ ማርጆሪ ከጣሪያዋ ሥር ስትቆም እኛ ይህን ሁሉ ፍቅር ሳናይ እንቀር ነበር። ለዚህ ብቻ ሐውልት ይገባዎታል፤ ቁመቱ ግን ከሁለት ሜትር ከሰባ እንዳይበልጥ።

ኬልቪን የመጨረሻውን መርፌ ሰኞ ዕለት ተወግቷል። ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ እንነሳለን። መልስዎ ሲደርስ ግቢው ባዶ ስለሚሆን፣ የመንገዱን ገጽታ መጥተው ቢያደንቁ ደስ ይለናል። ፖስታችንን ሳሎቴ ትቀበላለች፤ ከእርስዎ የመጣ ከሆነም ለመዘምራኑ ጮክ ብላ እንድታነብላቸው ፈቅጃለሁ። በዚያው ሰሞን፣ እግዚአብሔር ካለ፣ ኬልቪን በምዕራቡ ባሕር ዳር ወንበሩን ዘርግቶ ይቀመጣል። እኔ ፀሐይዋን አላያትም፤ እሱን ነው የማየው።

ወንበርዎ እንዳይናወጥ፣ ማኅተምዎ ቀለም እንዳያጣ፣ ጣሪያዎም እንዳያፈስ እየተመኘሁ፣ በፍጹም ትሕትናና በተነፉ ስድስት ጎማዎች የምሰናበትዎ፣

አክባሪዎ
ኖሬል ክራዶክ
የጥድ መንገድ፣ ቁጥር አሥራ አራት (እስከ ቅዳሜ)

ሳልነግርዎ እንዳልቀር፦ ግንባታ ለመባል አራት ነጥብ ያስፈልጋል ብለዋል፤ እኔም ቆጥሬ ትክክል ሆኖ አግኝቼዋለሁ። የመጀመሪያው የሎሚ ዛፌ ነው። ሁለተኛው የልብስ ማስጫዬ ምሰሶ፣ ሦስተኛው የማርጆሪ የራሷ መጎተቻ መንጠቆ ነው። አራተኛው አቶ ዴዝሞንድ ናቸው። ሜትራቸውን ጥለው፣ የኬክ መጋገሪያ ትሪዬን ጭንቅላታቸው ላይ ደፍተው፣ የሳሎቴን የሠርግ ብርድ ልብስ ጥግ በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ አሥራ አንዱንም ደቂቃ «አልለቅም! እናንተ ግቡ፣ እኔ አልለቅም!» እያሉ ቆመዋል። በማግስቱ ሪፖርታቸውን ሲጽፉም፣ ሐቀኛ ሰው ናቸውና፣ ራሳቸውን ሳይቀንሱ አራት ብለው ቆጥረዋል። ስለዚህ ግንባታው የግድ ይፍረስ የሚሉ ከሆነ፣ ሦስቱ ነጥቦች እኛ ግቢ ስለሆኑ እኛ እናፈርሳለን፤ አራተኛው ከቢሮዎ በስተግራ ሁለተኛው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ይገኛል። ቀኝ ትከሻው አሁንም ስለሚጠዘጥዘው ቀስ ብለው ያፍርሱት።