ስለ ወንድሜ ነፍስ የመኖሪያ ፈቃድ

ለክቡር ሚስተር ሃርትዊግ፣
የ«ሚል ሪጅ» ከተማ ምክር ቤት ሰብሳቢ፤

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ሙታኖቻችንን ለመሸኘት ከምንከራየው የቀብር አዳራሽ ጀርባ የሚኖሩት ወገኖችዎስ እንቅልፋቸው ተመለሰላቸው? ለዚሁ እንቅልፍ እኛ ህሞንጎች ምን እንዳጣን በቅደም ተከተል ላስረዳዎት ይፈቀድልኝ፤ ልጆቻችሁን ሂሳብ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝና ደረጃ መዝለል አልወድም።

፩ኛ/ ከፀሐይ መጥለቅ በኋላ በቀብር አዳራሽ ከበሮም ሆነ ዜማ እንዳይሰማ የከለከለው ደንባችሁ የማንንም ዘር ስም ባለመጥራቱ ከልብ አመሰግናለሁ። በከተማው ሟቹን በከበሮ የሚሸኝ ከእኛ በቀር ስለሌለ መጥራትም አላስፈለገው። የትምህርት ቤቱ የኳስ ቡድን ከበሮ ግን «ባህል» ስለሆነ በደንቡ ተፈቅዶለታል።

፪ኛ/ እኛ ህሞንጎች በእናንተ ጦርነት ከጎናችሁ ተሰልፈን፣ ከአገራችን ከላኦስ ተሰደን ከመጣን ጀምሮ፣ የወንድሜ የቶንግ ፓው ጎረቤት ከአጥሩ በላይ ብቅ እያለ «አገርህ የምትገባው መቼ ነው?» ይለው ነበር። ወንድሜም «ስሞት እገባለሁ፣ ጎረቤቴ፤ እስከዚያ ሣርህን እጨድ» ሲል ይመልሳል። ቀልድ አልነበረም። በእኛ ወግ፣ መንገድ መሪ የሚባለው ሽማግሌ ሌሊቱን ሙሉ በከበሮ እያዜመ፣ የሟቹን ነፍስ በኖረባቸው ቦታዎች ሁሉ ወደ ኋላ ይወስደዋል፤ በየቦታው ስለጠጣው ውሃና ስለሞቀው እሳት አመስግኖ እያሰናበተው፣ እትብቱ እስከተቀበረበት ቤት ድረስ።

፫ኛ/ ባለፈው ወር ወንድሜ ሞተ። መንገድ መሪው አጎታችን ዋ ሌንግ ገና የ«ሚል ሪጅ»ን ውሃ እያመሰገኑ ሳሉ፣ ፀሐይ ጠልቃ ነበርና፣ ፖሊሶቻችሁ ገቡ። ሽማግሌው «ልጄ፣ ከከተማው እንኳ አላስወጣሁትም» ቢሉ፣ አንደኛው «አባባ፣ ሬሳ ምን ያስቸኩለዋል?» ብሎ ሁላችንንም አስወጥቶ አዳራሹን ዘጋው። ሌላ አዳራሽ ለእኛ የሚያከራይ ስላልተገኘ በማግስቱ ቀበርነው። አፈር ከለበሰ በኋላ ደግሞ ያ መንገድ አይቀጠልም።

እንግዲህ ክቡርነትዎ፣ አገሩ ሊገባ ተነሥቶ የነበረውን ሰው ምክር ቤትዎ በሕግ አስቀርቶታል። ስደተኛን ይህን ያህል አጥብቆ የያዘ ከተማ መኖሩን ሰምቼ አላውቅም። ሚስቱ ዪያ ከዚያ ቀን ወዲህ፣ ባሌ ገና ውጭ ነው ብላ፣ በሯን አትቆልፍም። በእሷም ስም ምስጋናዬን ይቀበሉ።

በታላቅ አክብሮት፣
ደንባችሁን ላለመጣስ ድምፁን ቀንሶ ያለቀሰ ጎረቤታችሁ፣
ሳይ ሱአ ሙአ

ድኅረ ጽሑፍ፦ እኔም ታምሜአለሁ። ቀኔ ሲደርስ ልጆቼ ከከተማው ወሰን ውጭ እንዲያወጡኝ ነግሬአቸዋለሁና ለእኔ ፖሊስ በመላክ አትድከሙ። ወንድሜን ግን አደራ፤ መውጫውን አያውቅም።