ሦስት ጊዜ ጡረታ የወጡት የመዋኛ ገንዳ ሠራተኛ የሕይወት ታሪክ

በሥራ ባልደረቦቻቸው ዘንድ “ጋሽ ጨው” እየተባሉ የሚጠሩት አባታችን፣ ከግንበኛ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1946 ዓ.ም. ተወለዱ። ከሰባት ልጆች አራተኛ በመሆናቸው እንደ ታላቅ ሳይታዘዝላቸው፣ እንደ ታናሽም ሳይታዘንላቸው አደጉ። ትምህርታቸውን እስከ ስምንተኛ ክፍል ተከታትለው፣ በ1964 ዓ.ም. በአንድ ሆቴል የመዋኛ ገንዳ ጽዳት ሠራተኛ ሆነው ተቀጠሩ። ዋና አይችሉም ነበር፤ ቀጣሪው አልጠየቋቸውም፣ እሳቸውም አልተናገሩም።

በ1972 ዓ.ም. በዚያው ሆቴል ልብስ ንጽሕና ክፍል ይሠሩ ከነበሩት እናታችን ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል። በየማለዳው ቅጠሉን በመረብ ለቅመው፣ ግድግዳውን ፈትገው፣ ማጣሪያውን አጥበው ቀና ሲሉ ነፋሱ ከገንዳው ዳር ካለው ዛፍ ሌላ ቅጠል ይጥልላቸዋል። ያንን ዛፍ አስቆርጠዋለሁ እያሉ ሠላሳ ዓመት ዝተውበታል። ዛፉ ደኅና ነው።

በ1995 ዓ.ም. ገንዳው ወደ ጨው ውሃ ተለወጠ። ጨዉን ወደ ክሎሪን የሚቀይረው መሣሪያ፣ በውስጡ ያሉት የብረት ሳህኖች ነጭ ቅርፊት ሲይዛቸው “ጨው አነሰ” ብሎ ቀይ መብራት ያበራል። ጨው አላነሰም፤ የሚፈልገው ሳህኖቹን በኮምጣጤ የሚያጥብለት ሰው ነው። አባታችን በ2006 ዓ.ም. ጡረታ ሲወጡ ይህንኑ ለተተኪያቸው ደጋግመው አስረዱ። ተተኪውም በሚገባ አዳመጠና፣ መብራቱ ሲበራ ስድስት ከረጢት ጨው ጨመረ። ውሃ ውስጥ የገባ ጨው ተለቅሞ አይወጣምና፣ አባታችን ተጠርተው የገንዳውን ውሃ እኩሌታ ደፍተው እንደገና ሞሉ፤ በዚያው ሦስት ዓመት ቆዩ። በ2009 ዓ.ም. ዳግመኛ ጡረታ ወጡ። ሁለተኛው ተተኪ የጨመረው ስምንት ከረጢት ነው። ሥራ አስኪያጁ ሲደውሉ ስልኩን ያነሡት እናታችን “ሰውዬው እኮ ደክሞታል፤ አንድ ቀን እንኳ ፀሐይ አልጋው ላይ አግኝታው አታውቅም” ቢሉም፣ አባታችን ጫማቸውን እያሰሩ ነበር።

በ2012 ዓ.ም. ሥራውን ከግምጃ ቤት ለተዛወሩ አንዲት እናት አስረክበው ለሦስተኛ ጊዜ ጡረታ ወጡ። ብዙም ሳይቆይ ልባቸውን ታመሙ። ሐኪሙ ጨው ሲከለክሏቸው፣ ትእዛዙ ለሆቴሉም እንዲጻፍ ጠይቀዋል። ተኝተውም ጆሯቸው ስልኩ ላይ ነበር፤ በጠራ ቁጥር ለመነሣት ይሞክራሉ፣ እናታችንም መልሰው ያስተኟቸዋል።

መጋቢት 28 ቀን 2013 ዓ.ም. ተተኪያቸው ሊጠይቋቸው መጡ።

“ጋሼ፣ ትናንት ቀዩ በርቶ ነበር። ሳህኖቹን አጠብኳቸው፣ ጠፋ።”

“ጨውስ?”

“አንድ ፍሬ አልጨመርኩም።”

አባታችን ስልኩን ወደ ሳሎን እንድንወስደው አዘዙን። ከዚያ ወዲያ ለዐሥራ አንድ ቀናት ፀሐይ መስኮቱን አልፋ አልጋቸው ላይ እስክትወጣ ድረስ ተኙ፤ በዐሥራ ሁለተኛው፣ ሚያዝያ 10 ቀን፣ በተወለዱ በስድሳ ሰባት ዓመታቸው፣ በዚያው እንቅልፍ ተለዩን።

ከእናታችን፣ ከሦስት ልጆቻቸውና ከአራት የልጅ ልጆቻቸው ተለይተዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ማንም ለሥራ በማይቀሰቅሳቸው ሥፍራ ያሳርፍልን፤ ለእናታችንም መጽናናቱን ይስጥልን።