ከቆጡ ላይ ተደብቀሽ የሠራሽው ዮጋ

አስኩዬ፣ የቤቴ እመቤት፣

ከተለየሽኝ አስራ አንድ ወር አለፈ። ሙት ዓመትሽ ሊደርስ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። “እንደምን አለሽ?” ብዬ ልጀምር አስቤ ነበር፤ ግን መልስሽን መስማት ስለማልችል ከእኛው ወሬ ልነሣ። ቶሎ ወደ ዋናው ነገር ካልገባሁ አትቆጪኝ፤ ጥፋት ሲኖርብኝ ዙሪያ ጥምጥም መሄድ እንደምወድ ታውቂያለሽ።

ቤቱ ደህና ነው። ልጃችን ቤቲ የተከራየችውን ቤት ለቃ ከእኔ ጋር መኖር ጀምራለች። ያንን የጠላሽውን ቡናማ መጋረጃ አውርዳ ነጭ ሰቅላለች፤ ስንት ዓመት ለምነሽኝ እምቢ ያልኩትን እሷ በአንድ ቅዳሜ ጨረሰችው። ሱቁም እንዳለ ነው። ለፋሲካ ሸማ ተራ እንደ ወትሮው መቆሚያ አልነበረውም። ከፊት ለፊታችን ያለው ልብስ ሰፊ ጥለቱ በማሽን የታተመ ቀሚስ መሸጥ ጀምሯል፤ ብታዪው አንድ ሳምንት አታናግሪውም ነበር። ደንበኞችሽ እየመጡ “እትዬ አስካለ የሉም?” ይሉኛል። መጀመሪያ መጀመሪያ እነግራቸው ነበር። አንድ ቀን ግን ከጎጃም በረንዳ የሚመጡት ሴትዮ ለልጃቸው ሠርግ ቀሚስ ሊያሠሩ መጥተው ሲጠይቁኝ፣ ደስታቸውን ላለማበላሸት ብዬ “ወጣ ብላለች” አልኳቸው። ከዚያ ቀኑን ሙሉ በር በሩን ሳይ ዋልኩ።

አሁን ደግሞ የምትስቂበትን ልንገርሽ። እኔ ባልሽ ወልዴ ዮጋ እሠራለሁ። አዎ፣ እዚያው አንቺ ትሄጂበት የነበረው ቦታ፣ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ካለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት። ከሄድሽ በኋላ ደረቴን እየጨነቀኝ እንቅልፍ አጣሁ። ሐኪሙ መርምሮ መርምሮ “ምንም በሽታ የለብዎትም፤ ሐዘን ነው። ሰውነትዎን ያንቀሳቅሱ፣ አተነፋፈስዎን ያስተካክሉ” አለኝ። ስልሳ ሦስት ዓመት ስተነፍስ የኖርኩ ሰው መተንፈስ አታውቅም ስባል ተናድጄ ወጣሁ። አሰልጣኝሽ ሂሩት ግን ለቅሶ መጥታ “ጋሼ፣ ቦታዋ ክፍት ነው” ብላኝ ነበርና፣ በጥቅምት አንድ ማክሰኞ እግሬ ወሰደኝ።

ወንድ እኔ ብቻ ነኝ። የመጀመሪያ ቀን ጎንበስ ብዬ ጣቶቼን ወደ እግሬ ስሰድ ጉልበቴ ላይ ቀሩ። ሴቶቹ ሳቃቸውን ዋጡ፤ ሂሩት “እስከደረሱበት ይበቃል ጋሼ” አለችኝ። አሁን ቁርጭምጭሚቴን እነካለሁ። በአፍንጫ ቀስ ብሎ ማስገባት፣ ትንሽ መቆየት፣ ቀስ ብሎ ማስወጣት፤ አብዛኛው ሥራ ይኸው ነው። ትከሻዬ ከጆሮዬ ሥር ወርዶ ቦታውን ያዘ፤ ከወጣትነቴ ጀምሮ እዚያ ተሰቅሎ ኖሮ ይሆናል። እንቅልፌም ተመለሰ። አንቺ ይህን ነግረሽኝ ነበር። “ወልዴ፣ ውስጤ ያለውን ቋጠሮ ሰው የፈታልኝ ይመስለኛል” ብለሽኝ ነበር፤ አልሰማሁሽም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እኔ ነኝ።

ግን የሄድኩት ለእንቅልፌ ብቻ ነው ብዬ አልዋሽሽም። እዚያ ምንጣፍ ላይ እየተንጠራራሁ አንድ ነገር ስፈልግ ነበር። የሚያስነውር ነገር፣ ባዕድ ጸሎት፣ እንግዳ ስግደት፣ “ይኸው! ልክ ነበርኩ” የሚያሰኘኝን። ባገኝ እንዴት ደስ ባለኝ! ወር ሙሉ ጆሮዬን ቀስሬ አዳመጥኩ። ሂሩት “ትከሻ ይውረድ” ከማለት ያለፈ ቃል አልወጣትም።

ለምን እንደፈለግኩ አሁን ልንገርሽ።

ቤቲ ናት ሐኪም ስለመከረ አንቺን ወደ ዮጋው የወሰደችሽ። ሠላሳ ዓመት ጋቢ ከላይ እያወረድሽ፣ ለገዢ እየዘረጋሽ፣ አልገዛም ሲል መልሰሽ እያጠፍሽ ወገብሽ አለቀ። ማታ ማታ ጀርባሽን በቅባት የማሽልሽ እኔ ነበርኩ። “እዚህ ጋ፣ ትንሽ ዝቅ፣ እሱ ጋ” ትዪኝ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ተጨቃጭቀን ብንውል እንኳ በዚያች ሰዓት እንታረቃለን። በጥቅምት ጀመርሽ፤ በአራት ወር ውስጥ ቅባቱ ተረሳ። ከድልድዩ ማዶ ስትመጪ ፊትሽ ፈክቶ፣ እየሳቅሽ ነበር የምትገቢው። አንድ ጊዜ የዮጋውን የመጨረሻ እረፍት ላሳይህ ብለሽ ወለሉ ላይ እንደ ሬሳ ተዘርግተሽ፣ ሬሳው ሳቁን መያዝ አቅቶት ተንፈራፈረ። እኔም አብሬሽ ሳቅኩ። በልቤ ግን ከፍቶኝ ነበር።

የጎረቤት ነጋዴዎች “እትዬ አስካለ መብረር ጀመሩ እንዴ?” እያሉ ማሾፋቸው አይደለም የከፋኝ። ሱቁን ብቻዬን መጠበቄም አይደለም። “ጀርባዬን እሽልኝ” ማለትሽን ስለተውሽ ነው። ከእጄ የወጣሽ መሰለኝ። ሌላ ስም የለውም፣ ቅናት ነው፤ በዚህ ዕድሜዬ በምንጣፍ ቀናሁ።

ዐቢይ ጾም ሲገባ፣ ቤቲ ባለችበት፣ ምሳ ላይ፣ የንስሐ አባታችንን አባን እንዳገኘኋቸውና ስለ ዮጋው እንደጠየቅኳቸው ነገርኩሽ። “‘ይቅርባት! ሬሳ ሆኖ መተኛት ምን የሚሉት ነገር ነው? ዳግመኛ እንዳትሞክረው’ ብለዋል” አልኩሽ። ድምፃቸውን ሳይቀር አስመስዬ። አስኩዬ፣ አባን አላገኘኋቸውም ነበር። አልጠየቅኳቸውም። እኔ “ተይው” ብልሽ እንደማትተዪው አውቃለሁ፤ እሳቸው አሉ ከተባለ ግን አንድ ቃል እንደማትመልሺ አውቃለሁ። ስለዚህ በእሳቸው ስም ከለከልኩሽ።

ሳህኑን አነሣሽ። “እሳቸው ካሉማ” አልሽ። በማግስቱ ምንጣፉን ለሂሩት መለስሽ። ከተራችን አብረውሽ ይሄዱ የነበሩት ሁለት ሴቶችም አባ ከልክለዋል ሲባል ቀሩ። እኔ ለቤቴ ሰላም ያደረግኩት ትንሽ ነገር ነው ብዬ ረሳሁት። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባል የለ።

ቤቲ ትምህርቷን ከጨረሰች ወዲህ አብረን መቁረብ ጀምረን ጸሎተ ሐሙስን ቀርተን አናውቅም። ያን ዓመት ግን ነጠላሽን አጣፍተሽ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ከመጣሽ በኋላ “የደም ግፊቱን ክኒን ጠዋት ውጬዋለሁ፣ ጾሜን ፈትቻለሁ፤ አንተ ግባ” አልሽኝ። እንዲህ ያለውን ቀን እንዴት ትረሻለሽ ብዬ ተቆጣሁሽ። ገባሁ፤ ቆረብኩ። አፌን በነጠላዬ ሸፍኜ ስወጣ ደጁ ላይ ቆመሽ ጠበቅሽኝ። ትከሻዬን ስመሽ “እንኳን ለዚህ አበቃህ” አልሽኝ። ዓይንሽ ቀልቶ ነበር። የሰሞኑ ስግደት አድክሟት ነው ብዬ አለፍኩት። በሐምሌ ግፊቱ ጣለሽ፤ በሦስተኛው ቀን ሄድሽ።

የአርባሽ ማግስት ቤቲ ያየችውን ነገረችኝ። እኔ ለምሳ ስወጣ ጠብቀሽ፣ ሱቁ ውስጥ ጋቢ ወደምናከማችበት ቆጥ ትወጪ ኖሯል። አንድ ቀን ሳታስቢው መጥታ፣ ጋቢ አንጥፈሽ፣ ዓይንሽን ጨፍነሽ ስትተነፍሺ አገኘችሽ። “ለአባትሽ እንዳትነግሪ” አልሻት። “ወገቤ አላስቀምጥ ቢለኝ ነው። አባ የከለከሉኝን ተደብቄ እየሠራሁ በምን አፌ እቆርባለሁ? ስተወው እገባለሁ።” ክኒኑንም በጸሎተ ሐሙስ ጠዋት እንዳልዋጥሽው ነግረሻታል። አብረን በኖርንበት ዘመን ያገኘሁብሽ ውሸት እሱ ብቻ ነው፤ ያስዋሸሁሽም እኔ ነኝ።

ቤቲ እስክትሄድ ጠብቄ ወደ ቆጡ ወጣሁ። በቦታሽ ተኛሁ። በአንድ በኩል የጋቢው ክምር፣ በሌላው ግድግዳው፤ ክንድ አይዘረጋም። ቀና ስል ራሴን ቆርቆሮው መታኝ። ሰፊ አዳራሽ እያለልሽ እዚህ ጥግ ያስገባሁሽ እኔ ነኝ ብዬ እዚያው አለቀስኩ።

ለቤቲ ግን ምንም አልነገርኳትም። እሷ የከሰሰችው አባን ነበር። “እናቴን ሳትቆርብ ያስቀሯት እሳቸው ናቸው” አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ መስቀላቸውን አልተሳለመችም። መንገድ ላይ ስታያቸው ትሻገራለች። አንድ ቀን ከእኔ ጋር ሳለን አጋጠሙን፤ ሽማግሌው መስቀላቸውን አውጥተው እጃቸውን እንደዘረጉ ጥላቸው ሄደች። እሳቸው ምን እንዳጠፉ አላወቁም። እኔ መስቀሉን ተሳልሜ፣ ስለ ገበያው ትንሽ አውርቼ ተሰናበትኳቸው። ያን ቀን ራሴን ተጠየፍኩት።

በዘንድሮው ጾም መግቢያ አባ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው። ከዚያ “ብትጠይቀኝ ኖሮ ‘እንቅስቃሴው ለወገቧ፣ ጸሎቷ ለፈጣሪዋ ይሁን’ እላት ነበር” አሉኝ። ስግደት ያዝዙኛል ብዬ ጠበቅኩ። “ጉልበትህን አልፈልግም፤ መጀመሪያ ለልጅህ እውነቱን ንገር” አሉ። ፈራሁ፣ አስኩ። የቀረችኝ እሷ ናት። ጸሎተ ሐሙስ ደርሶ ሰው ሲቆርብ እኔ ደጅ ቆምኩ። አባም የንስሐ ምሥጢር ነውና ትንፍሽ ሳይሉ፣ ልጄ ፊቷን ስታዞርባቸው እያዩ፣ የእኔን ነውር ተሸክመው ከረሙ።

ባለፈው እሑድ ስለ ሙት ዓመትሽ ስንመካከር ቤቲ “አባ እዚህ ቤት አይገቡም፤ ፍትሐቱን ሌላ ቄስ ያድርስ” አለች። ከዚህ በኋላ ዝም ብል በመቃብርሽ ላይ ሁለተኛ ውሸት መጨመር ነው። እንደተማርኩት ትንፋሼን ሳብኩ፣ ቆየሁ፣ ሳስወጣ ቃሉ አብሮ ወጣ። ነጠላዋን አንሥታ ወጣች። አመሻሽ ላይ ስትመለስ አባ ዘንድ ሄዳ ይቅርታ እንደጠየቀች ነገረችኝ። ከዚያ በሩ ላይ ቆማ፣ “ለእኔ ነገርከኝ። ለእሷስ ማን ይንገራት?” አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ምግብ ታቀርብልኛለች፤ ሌላ ቃል ግን የለም። አልፈርድባትም።

ይህን የምጽፈው ለዚህ ነው። በሙት ዓመትሽ ቀን አባ፣ ቤቲና ከዮጋው የቀሩት ሁለቱ ሴቶች ባሉበት መቃብርሽ ላይ ቆሜ አነበዋለሁ። የሰው ስም ያጠፋሁት በሰው ፊት ነውና በጆሮሽ ብቻ አንሾካሹኬ አልሄድም።

እስክንገናኝ አስታውስሻለሁ። ደስ የሚለኝን ብቻ መርጬ አይደለም፤ ሳቅሽን ማስታወስማ ለእኔ ይቀለኛል። ደጅ ቆመሽ ያለቀስሽውንም፣ ያስለቀሰሽ ማን እንደሆነም አልረሳም። ሰው ስለ አንቺ ደግነት ሲያወራ እኔ ይህንንም እጨምራለሁ።

አስኩዬ፣ አባ ስለ አንቺ ምንም አላሉም። ያልኩት እኔ ነኝ። የጣስሽው ትእዛዝ አልነበረም። ያን ቀን መግባት ትችይ ነበር።

ባልሽ ወልዴ