«ጉዳት የለም» ብዬ የጻፍኩት

ረቡዕ፣ ኅዳር 5 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ደብረ ታቦር

ዛሬ በታካሚዬ፣ በዜማ መምህሩ በመሪጌታ ራስ ላይ ቁስል አየሁ። ያደረስኩባቸው እኔ ነኝ።

ስትሮክ ቀኝ እጃቸውን ካደከመው ወዲህ መቋሚያ መያዝ አቅቷቸዋል። እጃቸው እንዲበረታ ብለን በሆስፒታላችን በየጠዋቱ ጭንቅላታቸው ላይ ቀላል ኤሌክትሪክ እንሰጣቸዋለን፤ ዛሬ ስምንተኛ ቀናቸው ነው። ኤሌክትሪኩ የሚያልፍበትን ስፖንጅ በጨው ውሃ አርሼ የማስቀምጠው እኔ ነርሷ ነኝ። ዛሬ ሳነሳው ጠጉራቸው ተከፈለና የባቄላ ፍሬ የሚያህል ቃጠሎ ታየኝ። ስፖንጁን ዳበስኩት፤ ጠርዙ ደርቋል፤ ሲደርቅ ደግሞ ቆዳ ያቃጥላል።

«ይህ መቼ ጀመረዎት?»

«በሦስተኛው ቀን ነው፣ ልጄ።»

«ምነው ታዲያ ዝም አሉኝ? በየቀኑ እጠይቅዎት የለ?»

ጥምጥማቸውን እየጠመጠሙ ሳቅ አሉ። «አንቺ ‹እንዴት አደሩ፣ ደህና ነዎት?› ነው ያልሽኝ። ለእሱ እግዚአብሔር ይመስገን ካላልኩ ምን ልል ነው?»

እውነታቸውን ነው። በየቀኑ የምሞላው የሕክምናው ቅጽ ያቃጥላል ወይ፣ ያሳክካል ወይ፣ ራስ ያማል ወይ ብለሽ አንድ በአንድ ጠይቂ ይላል። እኔ ግን ወረፋው ሲበዛብኝ በሰላምታ አለፍኩት። እሳቸው ባመሰገኑ ቁጥር «ጉዳት የለም» ብዬ ጻፍኩ። ሰባት ጊዜ!

ሕክምናውን አቆምኩና ለሐኪሙ ነገርኩት። አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። መሪጌታ ሲወጡ ሊመርቁኝ ያንኑ ደካማ እጃቸውን ለማንሳት ታገሉ፤ ከደረታቸው አላለፈም።

ከዚያ ይህንኑ ሕክምና የሚወስዱትን የሌሎቹን አራት ታካሚዎች ቅጽ አወጣሁ። በአራቱም ላይ በእኔው እጅ «ጉዳት የለም» ተጽፏል። ነገ ጠዋት ይመጣሉ። እንዴት አደሩ ማለት ፈራሁ።