ስለ ዶክተር ሳዲቅ ፊርማ

ለተከበሩ የፋርማሲ ኮሌጁ የቅበላ ክፍል ኃላፊ፤
ካርቱም

ክቡርነትዎ፣ ከነቤተሰብዎ፣ ከነማኅተምዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ሬሕማ ይማም፣ አል-ሳሃፋ ሰፈር በሰው ቤት የምትሠራው የሉጥፊያ ልጅ፣ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ። በዓረብኛ የጻፍኳቸው ሦስት ማመልከቻዎች መልስ ስላጡ፣ ምናልባት ቋንቋው አስቸግሮዎት ይሆናል ብዬ ይህን በአማርኛ ጽፌ ሳጃና ሰፈር ባለ የሐበሻ ምግብ ቤት ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ።

፩ኛ. የመግቢያ ፈተናውን ማለፌን ካበሰሩኝ በኋላ፣ የተለማመድኩበት ፋርማሲ ባለቤት ዶክተር ሳዲቅ እስከ ሐሙስ በአካል ቀርበው ካልፈረሙልኝ ቦታዬ ለሌላ እንደሚሰጥ ስለገለጹልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ዶክተሩ በጦርነቱ ሁለተኛ ወር በፍንጣሪ ተመትተው መሞታቸውን፣ የመቃብሩ መንገድ ስለተዘጋም ጎረቤት ተረዳድቶ ከፋርማሲው ጓሮ እንደቀበራቸው በሦስቱም ማመልከቻዎች ገልጬ ነበር። የሞት ማስረጃ እንዳቀርብ ስላዘዙኝም ምስጋናዬ የላቀ ነው፤ ማስረጃውን የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ግን ከእሳቸው በፊት ነው የተቃጠለው።

፪ኛ. በጦርነቱ ፋርማሲው ውስጥ የሠራሁበትን ጊዜ «ያለ ሥራ» ብለው ስለመዘገቡልኝ እጅ እነሳለሁ።

፫ኛ. ቅጽዎ ፋርማሲ ለምን መማር እንደፈለግሁ ለመግለጽ ሁለት መስመር ፈቅዶልኛል፤ ስላልበቃኝ እዚህ ልጨርሰው። በጦርነቱ የፋርማሲው መዝጊያ ስለማይከፈት፣ መድኃኒት ያለቀበት ሰው የመድኃኒቱን ባዶ ካርቶን ከሥር ያሾልክልን ነበር፤ እኛም አይተን ያንኑ መድኃኒት መልሰን እናሾልክ ነበር። ዶክተሩ ከሞቱ በኋላም ካርቶኑ አልቆመም፤ እኔም የማውቀውን ሰጠሁ። አንድ ቀን ግን አስም ያለባቸው ጎረቤታችን፣ ዐም የምንላቸው አጎት ጂብሪል፣ ጽሑፉ የተፋቀ ካርቶን አሾለኩ። መደርደሪያው ላይ የሚመሳሰሉ ሁለት መድኃኒቶች ነበሩ፤ የማላውቀውን እንዳልሰጥ ተምሬአለሁ፣ አላውቅም ማለትንም አፈርኩ፤ ስለዚህ የሌለሁ መስዬ ዝም አልኩ። «ያ ዶክቶራ»፣ አንቺ ዶክተር፣ እያሉ ተጣሩ፣ ሳሉ፣ ሄዱ። በማግስቱ ተቀበሩ። ክቡርነትዎ፣ የተዘጋ በር ባየሁ ቁጥር ያ ሳል ይሰማኛል፣ እፈራለሁም። መማር የፈለግሁት ሁለቱን መድኃኒቶች ለይቼ ለማወቅ ነው።

ማኅተምዎ ሳይደርቅ፣ ወንበርዎ ሳይቀዘቅዝ ዕድሜ እንዲሰጥዎ ዘወትር ዱዓ የምታደርግልዎ፣
ሬሕማ ይማም

ከፊርማ በኋላ የታወሰኝ፦ ዶክተር ሳዲቅ ቢሮዎ መምጣት ስለማይሆንላቸው፣ ከሐሙስ በፊት እርስዎ ብቅ ቢሉ ደስ ይለናል። በጓሮ በር ይግቡ፤ ከኒም ዛፉ ሥር ናቸው። ቅጹን ብቻ ይያዙ። ከፈን አጥተን በነጭ ጋውናቸው ስለቀበርናቸው፣ እስክሪብቶአቸው ከደረት ኪሳቸው አለ።