ያልሄድኩበት መርዶ

የካቲት 9፣ ሰኞ

ጾም ገባ። እግሬ አብጧል። ቀኑን ሙሉ ኤርፖርት ውስጥ ዊልቸር ስገፋ ዋልኩ፤ የመጨረሻዋ አሮጊት በረራዋ እስኪደርስ ስለ ድመቷ ስታወራኝ ነበር። አገር ቤት፣ ደሴ ደወልኩ። እማዬ ድምጿ ደክሟል፤ ደህና ነኝ ትላለች።

ሊፍቱ አጠገብ ለተብርሃንን አየኋት። አበልጄ ናት፤ ልጄን ሩትን ክርስትና ያነሳች። አራት ዓመት ሆነን፣ ሰላም አንባባልም። እሷም እንደኔው መንገደኛ እየገፋች አለፈችኝ። ከስታለች። ምን አገባኝ ልል ነበር። አገባኝ።

የካቲት 11፣ ረቡዕ

ደብተሬ፣ ላንቺም ያልነገርኩሽን ልንገርሽ።

በጦርነቱ ጊዜ የለተ. ታናሽ ወንድም ትግራይ ውስጥ ሞተ። ወሬው ቀድሞ ለቤ/ክ ሰዎች ደረሰ። እንደ ደንባችን ንጋት ላይ፣ ሥራ ሳትወጣ፣ ተሰብስበን ልናረዳት ተባባልን። ፊት ሆኜ በሯን የማንኳኳው እኔ ነበርኩ፤ አበልጅ እያለ ሌላ ማን ያንኳኳል? ግን በዚያው ወር፣ በዚያው ጦርነት፣ የአጎቴ ልጅ በሌላኛው ወገን ሞቶ ነበር። ለኔ ሟች ማን አለቀሰልኝ አልኩ። ስልኬን አጥፍቼ ተኛሁ። ውሸቴን ነው፣ አልተኛሁም፤ ጣሪያ ሳይ ነጋ።

ሰዎቹ የምትኖርበት ከተማ ዩለስ፣ አፓርታማዋ በር ላይ በብርድ ጠበቁኝ። ብቻቸውን መግባት አልደፈሩም፤ ተበተኑ። እሷ ምንም ሳታውቅ ሥራ ገባች። መንገደኛ ይዛ ሳለ የወንድሟን ፎቶ ፌስቡክ ላይ አየች፤ ከሥሩ ነፍስ ይማር ተጽፎበት። መንገደኛዋን ቦታዋ አድርሳ ነው የወደቀችው አሉ።

ለቅሶም አልደረስኩም። እሷ ቤ/ክ ቀየረች። እኔ ምንም እንዳላደረገ ሰው ይኸው እዚያው አስቀድሳለሁ።

የካቲት 15፣ እሁድ

ንስሐ አባቴን በዚህ ጾም መቁረብ እፈልጋለሁ አልኳቸው። ደስ ይላቸዋል ብዬ። ከለተ. ታርቀሻል ወይ አሉኝ። መባህን ትተህ ሂድ፣ መጀመሪያ ከወንድምህ ታረቅ የሚለውን ለሕፃናቱ የምታስተምሪው አንቺ አይደለሽም ወይ፣ ብለው መስቀል አሳልመውኝ ሄዱ። ተናደድኩባቸው። መኪና ውስጥ አለቀስኩ።

ሩት ከምትኖርበት ከተማ፣ ከፍሪስኮ ደወለች። ነገርኳት። “ማሚ፣ ጀስት ቴክስት አድርጊያት። ሶሪ በያት፣ ኦኬ?” በቴክስት ለቅሶ ሊደረስ! ሳቄ መጣ። ቢያንስ እሷ አንድ ነገር አድርጊ አለችኝ።

የካቲት 17፣ ማክሰኞ

ከሥራ በኋላ ዩለስ ሄድኩ። ጥቁር ለብሼ። ከአራት ዓመት በኋላ ጥቁር! ፓርክ አድርጌ አንድ ሰዓት ሙሉ መስኮቷን አየሁ። አንድ ጊዜ መጋረጃው ተንቀሳቀሰ። ሞተር አስነስቼ ተመለስኩ። ፈሪ።

የካቲት 18፣ ረቡዕ

ሊፍት ውስጥ ሁለታችን ብቻ፤ ሁለታችንም ባዶ ዊልቸር ይዘን። እግዜር ያጥናሽ አልኳት። ሌላ ቃል አልመጣልኝም። “ያኔ ነበር” አለች። በሩ ተከፈተ፤ ወጣች።

ልክ ናት። ምሳ አልበላሁም።

የካቲት 20፣ ዓርብ

እማዬ ሁለት ቀን ስልክ አላነሳችም። ደሴ ያለው ወንድሜ ተኝታለች ይላል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ጠበል ሄዳለች አለ። የተኛች ሰው ጠበል? አልጠየቅኩትም። ድምፁ ደስ አላለኝም። የቤ/ክ ሴቶችም ዛሬ አንዳቸውም ስልኬን አላነሱም።

በቃ። ነገ ከሥራ በፊት የለተ.ን በር አንኳኳለሁ። ትክፈት አትክፈት፣ ደጇ ላይ ቆሜ አለቅሳለሁ። ወስኛለሁ።

የካቲት 21፣ ቅዳሜ፣ ንጋት 11 ሰዓት

ጥቁሩን ለብሻለሁ። ቁልፌን አንስቼ ልወጣ ስል ደጄ ላይ መኪና ቆመ። ሌላ። ሌላም። መጋረጃውን ገለጥ አደረግኩ። የቤ/ክ ሴቶች፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። ንስሐ አባቴ። ሩት መሐላቸው፣ ተደግፋ።

ገባኝ። እማዬ።

ተመልሼ ተቀመጥኩ፣ አንቺን ገለጥኩ። በሩን እስክከፍት ድረስ እናቴ አለች። አንድ መስመር ልጻፍ፣ አንድ ብቻ።

በመጋረጃው ክፍተት አያለሁ፤ ፊት ሆና የምትመጣው ለተብርሃን ናት። የሥራ ዩኒፎርሟን ለብሳ፣ ነጠላ ደርባበት። ከዩለስ እስከ እኔ ሰፈር ሮውሌት፣ በዚህ ጨለማ። እኔ ሰፈሯ ድረስ ሄጄ ከመኪና ያልወረድኩት።

አንኳኳች። ቀስ ብላ። ሦስት ጊዜ። ሌሎቹ ከኋላዋ ቆመው ይጠብቃሉ።

“አበልጄ፣ እኔ ነኝ። ክፈቺልኝ” አለች።

እማዬ፣ ልከፍትላት ነው