ጭስ የመሰለው እንፋሎት

ለምወድሽ እታለም፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ሰላምታዬ መንገድ ላይ እንዳይበርደው በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ልኬልሻለሁ፤ ሞቆ ካልደረሰሽ ጥፋቱ የፖስተኛው ነው። እማዬስ እንዴት ናት? የእግሯ እብጠት ጎደለላት? ምግብ ትቀምሳለች? የወንድማችን ልጅ ትንሿስ ትምህርቷን እንዴት ይዛዋለች፣ አሁንም ጫማዋን ግራና ቀኝ አቀያይራ ነው የምትሄደው? እኔ ጤናዬ ደኅና ነው። ናፍቆታችሁን ግን አልዋሽሽም፣ አንዳንድ ቀን ይከብደኛል።

ያንቺን ጤንነት ስጠይቅሽ ደኅና ነኝ ብለሽ እንዳታልፊኝ። ጎረቤታችን ነርሷ ሁሉንም ነግራኛለች። ለእማዬ ውሃ ይዘሽ ከኩሽና ስትወጪ ራስሽን ስተሽ በሩ ላይ መውደቅሽን፣ ግንባርሽ መሰንጠቁን፣ ከዚያም ለዚያች እንዳትነግሪያት ብለሽ ማስማልሽን ጭምር። "ለዚያች" የተባልኩት እኔ መሆኔ ነው፤ እግዜር ይስጥልኝ። ቀን ሥራ፣ ሌሊት የእናትሽ አልጋ ሥር ቁጭ ብላ እያደረች፣ እንዲህ ከቀጠለች ከእናትሽ በፊት የምትሄደው እሷ ናት አለችኝ ነርሷ። አክስታችን ልታግዝሽ ሁለቴ ሻንጣዋን ይዛ መጥታ ሁለቴ ከደጅ መልሰሻታል። ልቆጣሽ ብዬ ነበር ብዕር ያነሳሁት፤ አንቺን መቆጣት ግን መቼም አይሆንልኝም። እስቲ ይልቅ ሰሞኑን ሥራ ቦታ የገጠመኝን ላጫውትሽ።

እንደምታውቂው የልብስ ስፌት ፋብሪካው ማሞቂያ በእኔ እጅ ነው። ማሽኑ ጣሪያ ላይ ተተክሎ ከውጭው አየር ሙቀት እየለቃቀመ ወደ ውስጥ ያስገባል። በዚያ ብርድ ሙቀት ከየት ያመጣል ትይኝ ይሆናል፤ እኔም ስማር አላመንኩም ነበር፣ ግን ያመጣል። ችግሩ፣ ሙቀት ሲለቅም ውጭ ያለው ቱቦ በረዶ ይይዘዋል። ለዚህም መላ አለው። ቱቦው ላይ የታሰረች ትንሽ ሴንሰር ቅዝቃዜውን የማሽኑ አንጎል ለሆነው ለኮንትሮል ቦርዱ ታሳብቃለች። ቦርዱ ማራገቢያውን ያቆምና የሙቀቱን አቅጣጫ የሚቀይረውን ቫልቭ ገልብጦ ሙቀቱን ለጥቂት ደቂቃ ወደ ራሱ ወደ ቱቦው ይመልሰዋል። በረዶው ቀልጦ ከወረደ በኋላ እንደገና ወደ ሥራው ይገባል። በዚያች መሃል ቤቱ ቀዝቀዝ ይላል፣ ማንም ግን አይጎዳም።

ዘንድሮ ብርዱ ሲጠና ይህ ማሽን አሻፈረኝ አለ። ጠዋት ስንገባ ቱቦው በበረዶ ተለስኖ እናገኘዋለን፣ ውስጥ ልብስ ሰፊዎቹ ሴቶች ጣታቸው ደንዝዞ ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት ያቅታቸዋል። ካፖርታቸውን ደርበው እየሰፉ፣ መሐንዲሷ ለእኛ ማቀዝቀዣ ገዛችልን እያሉ ይስቁብኛል። ሴንሰሯን ቀየርኩ። የማሽኑን ልብ፣ ኮምፕረሰሩን፣ የሚያበራና የሚያጠፋውን ኮንታክተር ፈትቼ አየሁ፣ ንጹሕ ነው። ቦርዱንም ፈተንኩት፣ አንድም እንከን የለበትም። በሙቅ ውሃ አቅልጬው ብሄድ በማግስቱ ያው በረዶ ጉብ ብሎ ይጠብቀኛል። አለቃዬ ፊቱን ማየት እስኪያስጠላኝ ድረስ በየሰዓቱ ይመጣል።

በመጨረሻ አንድ ቀን ማልጄ ጣሪያው ላይ ወጣሁና ባዶ ባልዲ ደፍቼ ከማሽኑ አጠገብ ተቀመጥኩ። ፀሐይ ወጣ ስትል ማራገቢያው ቆመ፣ ቫልቩ ተገለበጠ፣ በረዶው ይሰነጣጠቅ ጀመር፣ ነጭ እንፋሎትም ቡልቅ ብሎ ወጣ። ጎሽ የኔ አንበሳ ልለው ስል ማሽኑ በሙሉ ጸጥ አለ። ቦርዱን ብነካው መብራት የለም። ደረጃውን እየዘለልኩ ወርጄ ዋናው ማጥፊያ ጋ ስደርስ ማን ቆሞ ባገኝ ጥሩ ነው? የጥበቃ ሠራተኛችን ሻለቃ። ውትድርና በአጠገቡ አላለፈም፣ ሲራመድ ደረቱን ስለሚነፋ ነው ሻለቃ የምንለው።

ሻለቃ ከግቢው ሆኖ እንፋሎቱን ሲያይ ማሽኑ የሚጨስ መስሎት፣ ብርዱ ከገባ ጀምሮ በየማለዳው ዋናውን ሲያጠፋ ኖሯል። "ጭሱ" ሲጠፋ መልሶ ያበራዋል። መብራት በጠፋ ቁጥር ቦርዱ የበረዶ ማቅለጫ ሰዓቱን ከዜሮ መቁጠር ስለሚጀምር በረዶው ግማሹ ሳይቀልጥ በላዩ ሌላ ይጨመርበታል። ለማንም ያልተናገረው ለምን እንደሆነ ስጠይቀው፣ እናንተ ሥራ በዝቶባችኋል፣ በከንቱ ላስደነግጣችሁ አልፈለግሁም አለኝ። ምስጋና እየጠበቀ ነበር እኮ። ይዤው ጣሪያ ወጣሁና እጁን እንፋሎቱ ውስጥ አስገባሁት። እርጥብ እጁን አሸተተው። እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ፣ እነዚያን ልጆች በብርድ ስፈጃቸው የከረምኩት እኔ ነኛ አለኝ። አንጀቴን በላኝ። ማለፊያ ሰው ነው፣ ክፋት የሚባል ነገር የለበትም።

እታለም፣ ይህን ሁሉ ያወራሁሽ ለሳቅ ብቻ እንዳልሆነ ገብቶሻል። ባለፈው እሑድ ስደውል አንቺ ሱቅ ሄደሽ ነበርና ትንሿ ስልኩን ለእማዬ ሰጠቻት። እማዬ ሌሊት ሲጠማት እንደማትጠራሽ ታውቂያለሽ? ሽንቷ ሲመጣም እስኪነጋ ትይዘዋለች። ልጄ ትንሽ ታሸልብ ብላ ዓይኗን ጨፍና፣ የተኛች መስላ ታድራለች። አንቺ ደግሞ ተኝታለች ብለሽ ወንበርሽ ላይ ትጠብቂያታለሽ። ሁለታችሁም ነቅታችሁ፣ ሁለታችሁም ለየብቻ እየተሠቃያችሁ ነው የሚነጋው። እንዳልነግርሽ አስምላኝ ነበር፤ መሐላ አጠባበቅ ግን ከነርሷ ተምሬያለሁ። አክስታችን ብትመጣ ሌሊት ትጠሪያታለሽ ወይ ብዬ እማዬን ጠየቅኋት። ሳቀች። ታናሼ አይደለች እንዴ፣ እሷን ማስነሣት ከልጅነቴ የለመድኩት ነው አለችኝ።

ስለዚህ አክስታችን ቅዳሜ ትመጣለች። ብታባርሪኝም ደጅ ላይ አድራለሁ ብላለች፣ ታደርገዋለች ደግሞ። ሰኞ ከነርሷ ጋር ሐኪም ቤት ትሄጃለሽ፤ ቀጠሮውን ይዛልሻለች። አንቺን አጥቼ የምኖርበትን ቤት አላውቀውም፣ ማወቅም አልፈልግም።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ትንሿን ሁለት ጉንጯን፣ ጫማዋንም አስተካክለሽ አድርጊላት። ነርሷን ወሬኛ እንዳትያት፣ ወዳጅ ናት። ለተከራያችን ለአስተማሪውም ሰላም በይልኝ። አክስታችንን ግን በእኔ ስም ሰላም አትበያት። በሩን ክፈቺላት።

ታናሽ እህትሽ

ከፋብሪካው ጀርባ ካለችው ክፍሌ
ታኅሣሥ 21 ቀን